ተቀምጦ መቁጠር፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምንሄድ ወጣቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ከመካከላችን ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ከወላጆቻቸው ቤት ይወጣሉ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ባልንጀራ አመራረጥ በየጉባኤው ምክር እንሰማለን። ስለ ገንዘብ ግን ዝም እንላለን፤ የዓለም ነገር ነው ብለን እንተወዋለን። ይሁን እንጂ ጌታችን በወንጌል ስለ መክሊት፣ ስለ ባለ ዕዳና ስለ መጋቢ ደጋግሞ ያስተማረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ገንዘብን በሚይዝበት እጁ ልቡ ይታያልና ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው ተነግሯል። ይህ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ካልቆጠረ፣ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ሲያቅተው ያዩት ሁሉ ይዘብቱበታል። ምሳሌው የተነገረው ክርስቶስን ስለ መከተል ቢሆንም፣ ጌታ ለዚህ ታላቅ ነገር ማስተማሪያ ያደረገው አስተዋይ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነው። እኛም የአራትና የአምስት ዓመት ግንብ ልንጀምር ነውና እንቀመጥ፤ እንቁጠርም።

1ኛ/ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ እንወቅ። አባት በግ ሸጦ፣ እናት እንጀራ ጋግራ፣ እህት በዐረብ አገር በሰው ቤት ደክማ የላኩት ነው። ቀድሞ ገንዘብ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ሲሰጠን ክብደቱ ይታወቀን ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብሩ በስልካችን ድምፅ አሰምቶ ይገባል፤ ሳንዳስሰውም ይወጣል። ላቡ ስላልታየን ላብ የሌለበት አይምሰለን።

በግቢው የምንበላውም በነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፍላል። እንግዲህ የካፌ ተማሪ ሆነን ሳለን ምግቡን ትተን በየቀኑ ከግቢ ውጪ ብንበላ ለአንድ ምሳ ሁለት ጊዜ እየከፈልን ነው፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ወደፊት። ካፌውን ትተን ገንዘቡን የምንቀበል ከሆነም ያ ገንዘብ የወር ምግባችን እንጂ ትርፍ አለመሆኑን እናስታውስ።

2ኛ/ ከመብላታችን በፊት እንከፋፍል። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከእህሉ አምስተኛው እጅ እንዲቀመጥ መከረ (ዘፍ. 41)፤ በረኃቡም ዘመን ግብፃውያን ብቻ ሳይሆኑ የገዛ ወንድሞቹም በዚያ ዳኑ። ይህን ጥበብ ወደ ራሳችን እናምጣው። በወር 2,000 ብር ይላክልናል እንበል። ዐሥራቱን 200 ብር እናውጣ፤ አምስተኛውን እጅ 400 ብር ለሕመም፣ ለፎቶ ኮፒና ለአገር ቤት መሳፈሪያ እናስቀምጥ። የቀረው 1,400 ብር ለአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 350 ብር ይደርሰናል። ወጪውንም ማታ ማታ በደብተር እንጻፍ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ያላሰብነውን ይነግረናል፤ ጓዛችንን የሚጨርሰው ትልቁ ግዢ ሳይሆን ከክፍል ወደ ክፍል ስናልፍ የምንጠጣው ማኪያቶና በየቀኑ የምንሞላው የስልክ ካርድ ሊሆን ይችላል። የሚተማመኑ ጥቂት ጓደኞች በትንሹ ዕቁብ ቢጥሉም መልካም ነው፤ ዕቁብ ብቻችንን ስንሆን የምንፈታውን ቋጠሮ ያጠብቅልናል።

ጌታ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6)። ማብዛት የሚችለው አምላክ ፍርፋሪ እንዲባክን ካልወደደ፣ ማብዛት የማንችለው እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል!

3ኛ/ ስለ ገንዘብ ብለን አንዋሽ። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ከወሩ ቀድሞ ሲያልቅ ፈታኙ ቀርቦ፣ «ለመጽሐፍ መግዣ ብለህ ደውል» ይላል። ወላጆቻችን ስለ ዩኒቨርሲቲ አሠራር አያውቁምና ያምኑናል፤ ተበድረውም ይልካሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ እናነባለን። ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ስላስቀሩ አልነበረም፤ ገንዘቡ በእጃቸው ነበርና። የወቀሳቸው ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጡ አድርገው ስለ ዋሹ ነው። እኛም «አልቆብኛል፤ አያያዜን አላወቅሁበትም» ብንል ጥቂት እናፍር ይሆናል፤ እምነታቸው ግን አይፈርስም። በሐሰት የተገኘ ብር ሦስት ቀን አብልቶ ከእናት ዓይን ለዘላለም ያሸሻል።

የቁማሩም ነገር ከዚሁ የራቀ አይደለም። በየከተማው በተከፈቱት የኳስ ውርርድ ቤቶች ወንድሞቻችን የወር ምግባቸውን በአንድ ቲኬት ላይ ያስይዛሉ። አወራራጁ ድርጅት ሒሳቡን የሚሠራው በመጨረሻ ራሱ እንዲያተርፍ ነው፤ አንዱ የሚበላውም ብዙዎች በተበሉት ነው። ከተበላ በኋላ ብድር ይመጣል፤ ከብድር በኋላ ከአበዳሪው መደበቅ፤ ከመደበቅ በኋላ ከክፍልና ከጉባኤ መቅረት። ቁማሩ ብር ሲወስድ ያየን መስሎን ነበር፤ የወሰደው ግን ወንድማችንን ነው።

4ኛ/ የጎረቤታችንን ሳህን እንይ። በአንድ ዶርም ውስጥ በየሳምንቱ የሚላክለትና ከመጣ ጀምሮ ምንም ያልተላከለት ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሁለተኛው፣ «እንውጣና እንብላ» ሲባል «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ማስታወሻ ኮፒ ማድረጊያ አጥቶ ከሰው ደብተር ሌሊት ይገለብጣል። ገንዘባችንን የምንቆጥረው ለመሰሰት ከሆነ የሞኙን ባለጠጋ ጎተራ ሠራን (ሉቃ. 12)። የምንቆጥረው ለዚህ ወንድማችን የሚተርፍ እንዲገኝ ነው። በጾም ቀን ያልበላነው ቁርስ ዋጋ ለተራበ ካልደረሰ ጾማችን ቁጠባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስንሰጥም ሳናሳፍር እንስጥ፤ ሁለት ኮፒ አድርጎ አንዱን በትራሱ ላይ ማኖር ይበቃል። ብዙ የለኝም የሚል ቢኖር ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያስብ (ማር. 12)።

ምናልባት ይህን ከሚያነቡት መካከል አሁን በዕዳ ውስጥ ያለ ይኖራል። ወንድማችን ሆይ፣ እህታችን ሆይ፣ ዕዳን በዕዳ ለመሸፈን አትሞክሩ። ያለባችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ለአበዳሪዎቻችሁ ቀን ቁረጡላቸው፤ ለወላጆቻችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ለንስሐ አባታችሁም አትሰውሩ። የጠፋው ልጅ ገንዘቡን ሁሉ በትኖ ሲመለስ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ እንጂ ሒሳብ አልጠየቀውም (ሉቃ. 15)። ከአሳማዎቹ ዘንድ ያስነሣው ግን እርሱም እንደ ግንበኛው ቆም ብሎ መቁጠሩ ነበር፤ በአባቱ ቤት እንጀራ የሚተርፋቸውን ሞያተኞች ቆጠረ።

በጥቂቱ ታምነን በብዙ ላይ እንድንሾም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።