በነጣው ማሳ ላይ ማን ይጠየቃል?



በአንድ የካቴኪስቶች ስብሰባ ላይ ከቡልቡላ አካባቢ የመጡ አንድ አረጋዊ መምህር ያነሡት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። «አባ፣ ማሳውን ለሦስት ዓመት ተከራይቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመረተ ሰው፣ ኪራዩን ሳያጓድል ከፍሎ፣ ውሉን አክብሮ ሄደ። ባለቤቱ ሲረከብ ግን መሬቱ ነጭ ለብሷል፤ የዘራውም በቆሎ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ይህ ሰው ለንስሐ ቢመጣ ምን ብሎ ይናዘዛል? ሰረቅሁ እንዳይል አልሰረቀ፤ ዋሸሁ እንዳይል አልዋሸ» አሉን። እኛም በችኮላ «ውሉን ከፈጸመ ኃጢአት የለበትም» ብለን አለፍን። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ እርማት ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብጃታ ይፈስሳል። ዝዋይ መውጫ ስላለው ውኃው ይጠጣል፤ አብጃታ ግን መውጫ የለውም፤ የገባበት ውኃ በፀሐይ ይተንናል፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። በሞተር የሚጠጣ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ ያልተቆፈረለት ማሳም እንዲሁ ትንሽ አብጃታ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ሩብ ግራም ጨው ብቻ ያለውን ውኃ እንውሰድ፤ ምላስ አያውቀውም። ከዚህ ውኃ በአንድ የመስኖ ወቅት 6,000 ሜትር ኩብ በአንድ ሄክታር ላይ ቢፈስስ፣ ማሳው 15 ኩንታል ጨው ተቀበለ ማለት ነው። ክረምቱ በደንብ ዘንቦ ካላጠበው ወይም በማፋሰሻ ካልወጣ፣ በሁለተኛው ዓመት ሌላ 15፣ በሦስተኛውም ሌላ 15 ይጨመራል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ቅርብ ከሆነ ደግሞ በአፈሩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ እየተሳበ የራሱን ጨው ያመጣል።

ሰብሎች ጨውን የሚችሉበት ልክ የተለያየ ነው። የአፈር ሊቃውንት በሚጠቀሙበት መለኪያ (ዴሲሲመንስ በሜትር ይሉታል) የሽንኩርት ምርት ከ1.2 ሲያልፍ መቀነስ ይጀምራል፤ ቲማቲም እስከ 2.5፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይታገሣል። እንግዲህ በአካባቢያችን ለገበያ በብዛት የምንተክለው ሽንኩርት ከሁሉም ቀድሞ የሚሸነፈው ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ያሳዝናል። በአፈሩ ውስጥ የተክሉ ምግብ አለ፤ ጨው የበዛበት ሥር ግን ውኃውን መሳብ ስለሚያቅተው በማዕድ ፊት ተቀምጦ ይራባል። ቅጠሉ ሲገረጣ ገበሬው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። ማዳበሪያም በአፈሩ ውስጥ ሲሟሟ እንደ ጨው ይሠራልና ሕመሙ በመድኃኒቱ ይብሳል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ትጉህ ሰው ነው።

ወደ አዋሽ ተፋሰስ ብንሻገር የነገሩን ፍጻሜ በዐይን ማየት ይቻላል። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በመካከለኛው አዋሽ ታላላቅ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ፤ በመልካ ሰዲና በአሚባራ ከማፋሰሻ ይልቅ ለማጠጫ ስለታሰበ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ፣ ጨውም ተከተለው፤ ሰፊ መሬት ከእርሻ ወጣ። ጥጥ እኮ ጨውን ከሚችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። የጥንቶቹ የኤፍራጥስና የጤግሮስ አገሮችም ስንዴውን ትተው ወደ ገብስ የሄዱት መሬታቸው ጨው ስለበዛበት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። አባታችን አብርሃም የወጣው ከዚያ አገር መሆኑን ስናስብ ታሪኩ ሩቅ አይመስለንም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ትምህርት ሰባተኛውን ትእዛዝ ከኪስ መስረቅ ብቻ አያቆመውም፤ በባልንጀራ ንብረት ላይ በጥፋታችን ያደረስነውን ጉዳት መካስን ያዝዛል። ጥያቄው «ያውቅ ነበርን?» የሚለው ነው። በማሳው ላይ ነጩን እያየ፣ ምን እንደሆነ እየተረዳ፣ «ውሌ ዘንድሮ ያበቃል» ብሎ ያጠጣ ሰው የሌላውን ሰው የነገ እንጀራ በልቷል፤ የውሉ ወረቀት አይሸፍነውም፣ ካሣም አለበት። ፈጽሞ ያላወቀ ሰው በልቡ ንጹሕ ነው። በመካከል ያለው ግን ብዙ ነው፤ ሊያውቅ የሚችል፣ መጠየቅ ያልፈለገ፣ ቢጠይቅ መልሱ እንዳያስቸግረው የፈራ። ሊቃውንት ይህን ሊወገድ የሚችል አለማወቅ ይሉታል፤ ከተጠያቂነትም ሙሉ በሙሉ አያወጣም።

ከባድ የሚሆነው ኃጢአቱ አንድ ድርጊት ስለሌለው ነው። «ይህን ቀን በደልሁ» የሚባልበት ቀን የለም። እያንዳንዱ ማጠጣት መልካም ነበር። አቤሜሌክ ሴኬምን አፍርሶ ጨው የዘራባት በአንድ ቀን፣ በጠላትነት፣ እያወቀ ነው (መሳ. 9፡45)። የእኛ ጨው የሚዘራው ግን በሰላም፣ ልጆችን ለማስተማር ሲባል፣ በየሳምንቱ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ፍትሕ እንዳለብን ሲያስተምሩ እንዲህ ያለውን፣ ከሳሹ ገና ያልተወለደበትን በደል ይመለከታል ብለን እናምናለን።

አከራዩስ? ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል፤ ብዙዎቹ መሬታቸውን የሚያከራዩት ሞተርና ዘር መግዣ ስለሌላቸው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ በባህላዊ መንገድ ለሚታረስ መሬት ኪራዩ ከሦስት ዓመት እንዳያልፍ፣ ከይዞታውም ከግማሽ እንዳይበልጥ የደነገገው ድሀው ከመሬቱ እንዳይነቀል ነበር። አሳቡ ቅን ነው፤ ሆኖም አጭር ኪራይ አጭር ፍቅር ይወልዳል። በሦስት ዓመት ለሚሄድ ሰው ማፋሰሻ መቆፈር ኪሳራ ነው።

እኛ ካህናትም ከዚህ አንወጣም። የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲመጣ ጸሎት አድርሰን፣ ጸበል ረጭተን ባርከናል፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር፤ ረኀብን ያየ ሰው ይመሰክራል። ነገር ግን ከመካከላችን «ውኃው በየት ይወጣል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ካሣው በገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቦይ መቆፈር፣ ፍግ ማልበስ፣ አፈሩ በሶዳ ከደደረ ጂፕሰም መጨመር፣ ለጥቂት ዓመታት በሽንኩርት ፈንታ ገብስ ወይም ጨው የሚችል የከብት መኖ መዝራት ሁሉ ካሣ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአፈሩ ጨዋማነት ኪራዩ ሲጀመርና ሲያበቃ ተለክቶ በውሉ ላይ ቢጻፍ፣ ሽማግሌዎችም ቢፈርሙበት ብለን ለቁምስናዎች አሳስበናል። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ለብዙ ቀበሌ ይበቃል።

ይህን ለእኚያ አረጋዊ መምህር ባነበብንላቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም ነው፣ አባ። ጨው የሚታጠበው ግን በተጨማሪ ውኃ ነው አሉ። ውኃው ከወንዙ ይመጣል፤ የታጠበውም ጨው ወደ ወንዙ ይመለሳል። ታች አብጃታ ዳር ያሉትስ?» አሉን። አብጃታ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ወደ እርሱ ከሚወርደው ውኃ ላይ ገበሬውም፣ አበባ አምራቹም፣ ከተማውም ይቀዳል። ለዚህኛው ጥያቄያቸው በችኮላ አልመለስንም። በሚቀጥለው የካቴኪስቶች ስብሰባ ከታችኛው ዳር ያሉትም እንዲገኙ ጠርተናቸዋል።