ጥፋቱ የማን ነው?

ትናንት ጎበዝ ተማሪ የነበረው ወጣት ከሰው ይርቃል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። እናት «ምን በድዬ ነው?» እያለች ታለቅሳለች። ጎረቤት «አስተዳደጉ ነው»፣ «ኢማኑ ደክሞ ነው» ይላል። እውን ጥፋተኛ አለን?

እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ እነ ዶክተር ኢቭ ጆንስተን ስኪዞፍሬንያ ለዓመታት የቆየባቸውን ሰዎች አንጎል በሲቲ ስካን መረመሩ። አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው ተገኙ። በኋላ በኤምአርአይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሕመሙ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር መጠነኛ ልዩነት አሳዩ። ሕመሙ እንግዲህ እንደ ሌላው በሽታ አካልንም የሚነካ ነው።

ልዩነቱ ግን በአማካይ ነው። የብዙ ሕሙማን አንጎል ከጤነኛው ተለይቶ አይታወቅም፤ ስካን ብቻውን በማንም ላይ አይፈርድም።

ውድ አንባቢ! ሸሪዓችን ተጠያቂነትን ከአቅል ጋር አስሮታል። አቅሉን የሳተውን አላህ ካልጠየቀው እኛ በምን ሥልጣን እንወቅሰዋለን? ይሁንና ጥፋተኛ የለም ማለት ኃላፊነት የለም ማለት አይደለም። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል። አፍረን ልጁን ጓዳ ከደበቅነው፣ ያኔ ተጠያቂዎቹ አቅላችን ያልጎደለው እኛ ነን።