ያልተጠየቀ ውለታ

በታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በአርብ ገበያ አንድ ረዳት ሳጅን ነበረ እንበል። ነገሩ ምሳሌ ነውና ስሙ ይቅር። ሰውየው እጀ ንጹሕ ነበር። ዓርብ ዓርብ ገበያው ሲሞላ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ ሲመላለስ ይውላል። የተጣላ ይገላግላል፣ የጠፋ አህያ ያፈላልጋል፣ ነጋዴዎች ሻይ ሲጋብዙት "አሁን ጠጣሁ" ብሎ ያልፋል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደመወዙን ከወር ወር ማድረስ። ወሩ ሲጋመስ ሚስቱ ከጎረቤት ዱቄት መበደር ትጀምራለች።

ይህን ያየ አንድ የእህል ነጋዴ አንድ ቀን ጠራው።

"ልጄ፣ ማታ ተረኛ ባልሆንክበት ቀን እኔ መጋዘን ደጅ ብታድር ምን ይመስልሃል? በየወሩ የድካምህን እከፍልሃለሁ።"

ሳጅኑ አሰበው። ሰዓቱ የራሱ ነው። ሌባ መጠበቅም ሙያው እንጂ ነውር አይደለም። "እሺ ጋሼ" አለና ተስማማ። ለአለቃው አልነገረም፤ ለመደበቅ አስቦ ሳይሆን የሚነገር ነገር መኖሩ ስላልታየው ነው።

ነጋዴው ደግ ሰው ነበር። ማታ ማታ ራት ይልክለታል። ክረምት ሲገባ ወፍራም ጋቢ አለበሰው። የሳጅኑ ትንሹ ልጅ ታሞ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄድ ግድ ሲሆን፣ ሳይጠየቅ ለመኪናውም ለመድኃኒቱም የሚሆን ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ላከ። በፋሲካ በግ አስጎትቶ ሰደደለት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቀን "ይህን ፈጽምልኝ" ብሎት አያውቅም።

አንድ ሌሊት ከታችኛው ሰፈር "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሳጅኑ ፖሊስ ነውና የመጋዘኑን ደጅ ጥሎ ሮጠ፤ ሌባውንም ያዘ። ሲነጋ ነጋዴው "ደግ አደረግህ" አለው። ቃሉ ምርቃት ነበር፤ ፊቱ ግን ወደ መጋዘኑ በር ዞሮ ቁልፉን ነካ ነካ ያደርግ ነበር። ሌላ አልተነጋገሩም። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ጩኸት ሲሰማ ሳጅኑ መሮጡን ሮጠ፤ ግን አስቀድሞ ቆም ብሎ በሩን አየ። ሲደርስ አንዲት ጠላ ሻጭ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ሌባው ግን አልፏል።

ቀጥሎ የመጣው የሚዛኑ ነገር ነው።

ያ አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ሲደግፈው የኖረ አገር ነው፤ አንድ ኪሎ እህል የሚናቅበት አይደለም። በአንድ ዓርብ ወደ በሽሎ ከሚያዘቀዝቀው ቆላ አንዲት እናት ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአህያ ጭነው መጡ። ለዚያው ነጋዴ ሸጡና፣ ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ሳጅኑ ቀረቡ።

"ልጄ፣ ቀበሌያችን ላይ በማኅበሩ ሚዛን አስመዝኜ ሃምሳ ኪሎ ነበር። እዚህ አርባ አምስት ሆነብኝ። የነጋዴው ልጅ 'አህያዋ በልታው ይሆናል' ይለኛል። አህያ ስልቻ ሳትፈታ ትበላለች እንዴ?"

ሳጅኑ መልሱን ያውቀዋል። አንድ ሌሊት ዝናብ መጥቶበት ወደ መጋዘኑ ገባ ባለ ጊዜ፣ በባትሪ ብርሃን ሚዛኑን አይቶት ነበር። በሚዛኑ ክንድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው ብረት ሆዱ ላይ ቀልጦ የተለጠፈ እርሳስ አለ፤ በላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ያ ብረት በከበደ ቁጥር ሚዛኑ ቶሎ ይቆማል፤ ሃምሳ ኪሎም አርባ አምስት ሆኖ ይነበባል። ያን ሌሊት "የሰው ዕቃ ነው፣ ምን አገባኝ" ብሎ ባትሪውን አጠፋ።

አሁን ሴትዮዋ ፊቱ ቆመዋል። ጋቢው ትዝ አለው። በጨርቅ የተጠቀለለው ብርና ድኖ የሚሯሯጠው ልጁ ትዝ አሉት። "የበላበትን ወጪት ሰባሪ" የሚለው ስድብም ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ነበር።

"እናቴ፣ ምናልባት የማኅበሩ ሚዛን ተሳስቶ ይሆናል" አለ።

እሳቸውም "የማን ሚዛን እንደተሳሳተ አይተህ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የመጣሁት" አሉት።

ሴትዮዋ ግን ዝም ብለው ወደ ቆላቸው የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። ነገሩን ለሽማግሌ አደረሱት። ከቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ አንድ መሪጌታ ነበሩና ነጋዴውም፣ ሳጅኑም፣ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥም እሳቸው ግቢ ተጠሩ። ሚዛኑ ተጭኖ መጣ፤ እርሳሱም ተፍቆ ታየ።

ነጋዴው ስለ ሚዛኑ መልስ ቢያጥረውም በአንድ ነገር ግን አልተረታም። "መሪጌታ፣ እርሳሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ እክሳለሁ። ይህን ልጅ ግን አታንሡብኝ። አንድ ቀን እንኳ አድላልኝ ብዬው አውቃለሁ? ራሱ ይናገር።"

"እውነታቸውን ነው" አለ ሳጅኑ። "አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።"

"ክፋቱ እዚያ ላይ ነው" አሉ መሪጌታው። "የጠየቀህን ሰው እንቢ ልትለው ትችላለህ። ያልጠየቀህን በምን አፍህ እንቢ ትለዋለህ?"

የጣቢያው አዛዥ ተቆጥተው ነበር። "መሪጌታ፣ ነገሩን አያርዝሙት፤ ነገውኑ አሰናብተዋለሁ" አሉ።

"ያሰናብቱት። በእሱ ፋንታ የሚመጣውም ልጆች ይኖሩታል፤ እነሱንም በወሩ አጋማሽ ይርባቸዋል። ያን ጊዜ ነጋዴው ሌላ ጋቢ ይገዛል። እኔ የምፈልገው ጋቢው የማይደርስበትን ቦታ ነው።"

ከዚያ ወደ ድሮው ነገር ገቡ። "በቀደመው ዘመን ነጋድራሱ ቀረጡንም ይሰበስብ፣ ነጋዴውንም ይዳኝ ነበር። አገር ገዥውም ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከተሾመበት ሕዝብ ነው። 'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' የሚለው ተረት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ሹሙ በመንግሥት ደመወዝ እንዲያድር ተደነገገ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅም ወጣ። ደመወዝ ለምን የመጣ ይመስላችኋል? ሰውን ለማጥገብ ብቻ ቢሆን ግብሩም ያጠግበው ነበር። ሁላችንም አዋጥተን ስናበላው የማንም የብቻ ባለዕዳ አይሆንም ብለን ነው።"

ሳጅኑ ቀና አለ። "መሪጌታ፣ ደመወዙ ካልበቃኝስ? ልጄን ያተረፉልኝ እኮ እሳቸው ናቸው።"

መሪጌታው ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ አላለፉትም። አዛዡንም ነጋዴውንም ሲያከራክሩ ዋሉና፣ ሲመሽ አንድ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ፖሊስ በዕረፍት ሰዓቱ መጠበቅ ከፈለገ አስቀድሞ ለጣቢያው ይንገር፤ አዛዡም የትና ለማን እንደሚሠራ በመዝገብ ይጻፉ። ብር ከቀጣሪ እጅ ወደ ፖሊስ እጅ አይለፍ፤ የገበያው ነጋዴዎች ሁሉ እንደ አቅማቸው ለአንድ ሣጥን ያዋጡ፣ ከሣጥኑም ጣቢያው በተራ ለወጣው ፖሊስ ይክፈል። ክስ ያለበት ወይም አቤቱታ የቀረበበት ሰው ደጅ ማንም አይቁም። የደንብ ልብስና የመንግሥት መሣሪያ ለግል ጥበቃ አይውጣ። ጩኸት በተሰማ ጊዜ ፖሊሱ ደጁን ጥሎ ይሂድ፤ በዚያ ሰዓት ለጠፋ ዕቃ ማንም አይጠይቀው። ሌሊቱን የጠበቀ በማግስቱ ለገበያ ተረኛ አይመደብ፤ ያላንቀላፋ ዓይን ያስፈልጋልና።

ነጋዴው ለሴትዮዋ አምስት ኪሎውን ከነካሳው ከፈለ። ሳጅኑ ለጠላ ሻጯም ለሴትዮዋም ይቅርታ ጠየቀ፤ የሁለት ወር ደመወዝ ተቀጣና ሥራው ላይ ቆየ። ከሣጥኑ በየወሩ የሚደርሰው ነጋዴው ይከፍለው ከነበረው ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። ሚስቱ አሁንም ዱቄት ትበደራለች፤ የምትበደርበት ቀን ብቻ ትንሽ ራቅ አለ። ትልልቆቹ ነጋዴዎችም አጉረመረሙ፤ "እኛ ብዙ እያዋጣን የጠላ ሻጭ ደጅ እንዴት እኩል ይጠበቃል?" አሉ። ሳጅኑ ግን ዓርብ በጠዋት ገበያው ሳይሞላ የሁሉንም ሚዛን በታወቀ ክብደት እየፈተነ ያልፋል። የቀድሞ ቀጣሪው ወዳጆች ከኋላው "የበላበትን ወጪት ሰባሪ" ይሉታል። ይሰማል፤ ይመዝናል።

የምሳሌው ፍቺ እንግዲህ ይህ ነው። ፖሊስ በትርፍ ሰዓቱ የግል ጥበቃ ይሥራ አይሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ክፉ ፖሊስን ነው፤ ጉቦ የሚቀበለውን፣ ሰውን የሚያስፈራራውን። ለእሱ ሕግ አለን፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። በጉቦ ክስ ላይ ዐቃቤ ሕግ የሚፈልገው ግን ይህ የተሰጠው ለዚህ ጉዳይ ነው የሚለውን ክር ነው። በሳጅናችን ታሪክ ያ ክር የለም። ነጋዴው አልጠየቀም፣ ሳጅኑም ቃል አልገባም። ሰውየውን ያሰረው በጎነቱ ነው። ውለታ የማይረሳ፣ ይሉኝታ የሚይዘው፣ የበላበትን የማይከዳ ሆኖ ማደጉ አሰረው። እንዲህ ያለውን ሰው ከወንጀሉ በኋላ የሚመጣ ቅጣት አያድነውም፤ የሚያድነው ገና እሺ ሳይል የሚደርስለት ደንብ ነው።

ይህ ፈተና የጋይንት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፖሊሶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ለመደብርና ለግብዣ አዳራሽ በክፍያ መጠበቃቸው የቆየ ልማድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር የኒው ኦርሊንስን ፖሊስ መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ ይህ የትርፍ ሥራ አሠራር በፖሊሱ ውስጥ የሙስና ዋና ደም ሥር መሆኑ ተጠቅሷል። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ሥራውን አልከለከለችም፤ በቀጣሪውና በፖሊሱ መካከል የሚቆም፣ ሥራውን የሚመድብና ክፍያውን የሚያስተላልፍ የሲቪል ቢሮ አቋቋመች። በኒው ዮርክም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ድርጅቶች ፖሊስ በክፍያ የሚያገኙት በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው፤ ከተማውም የአስተዳደር ክፍያ ይወስዳል። ሁለቱም የመሪጌታውን ሣጥን በየራሳቸው መንገድ አገኙት። ሣጥኑ ብሩን አያስቀርም፤ ከብሩ ጋር የሚመጣውን ፊት ግን ያስቀራል።

ሣጥኑም ቢሆን ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ገበያ በሌለበት ቀበሌ ማን ያዋጣል? ነጋዴው ሁሉ በሚዛን የሚሰርቅ ቢሆንስ ሣጥኑ ራሱ ጋቢ አይሆንም ወይ? ለዚህ ነው የመጨረሻው ዕዳ የመንግሥት የሚሆነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ፖሊስ ማደራጀትንና መምራትን ለክልሎች ሰጥቷል፤ ፖሊሱን በቂ አድርጎ መመገብም ከዚያው ሥልጣን ጋር የሚሄድ ግዴታ ነው። "ሌላ ሥራ አትሥራ" የሚል ደንብ ብቻውን ቢወጣ፣ ሳጅኑን ከመጋዘኑ ደጅ ወደ መጋዘኑ ጓሮ ያዞረዋል እንጂ አያስቀረውም። ደንቡና ደመወዙ እኩል መምጣት አለባቸው፤ ደመወዙ እስኪደርስ ደግሞ መዝገቡና ሣጥኑ አይጥፉ። ፖሊስ ሆኖ ለተቀጠረ ወጣትም ምክሩ አጭር ነው፤ ደግ ሰው ማታ ማታ እኔ ጋ እደር ሲልህ፣ ከመልስህ በፊት አለቃህ ይስማው።