ላልሆነ ነገር እውነተኛ ምስክር

የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ቢዋሽ የሚያጋልጠው አያጣም። የዐድዋን ጦርነት ዓመት አዛብቶ ቢጽፍ ሌላ መጽሐፍ ያርመዋል፤ የንጉሥ ስም ቢያሳስት የሚያውቅ ይታዘበዋል። ማርስ ላይ ስለ ሰፈሩ ሰዎች፣ ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ስለሚነሣ መንግሥት የሚተርክ ልብ ወለድ አንብቦ በግል ደብተሩ የሚያሰፍር ሰውስ? መጽሐፉ የሚያወራው ነገር አልሆነም። ደብተሩንም ከራሱ በቀር የሚገልጠው የለም። ታዲያ ስላልሆነ ነገር፣ ማንም በማያየው ወረቀት ላይ መዋሸት ይቻላል? ቢቻልስ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ኑሮ በከበደበት ከተማ ስለ ዘንዶ ማስታወሻ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ጥያቄው ስለ ዘንዶ አይደለም። ስለ ልብ ወለድ ሲጻፍ በእርግጥ ሆነ ሊባል የሚችለው ማንበቡ ብቻ ነው። ዘንዶው ኖሮ አያውቅም፤ ዘንዶው ሲሞት አንባቢው እኩለ ሌሊት ላይ መብራቱን ማጥፋት አቅቶት መቀመጡ ግን ሆኗል። ለዚህ ድርጊት ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ምስክር አንድ ሰው ነው። እርሱ ቃሉን ካጣመመ ሁለተኛ ምስክር ከየትም አይመጣም። ‘ልብ ወለድ’ የሚለውን ስም ያተረፈልን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ባሳተመው ድርሰቱ ነው ይባላል፤ ኋላ ‘ጦቢያ’ እየተባለ የታወቀው ማለት ነው። ስሙን ልብ ብለን ካየነው፣ አንዱ ልብ የወለደውን የሚያሳድገው የሌላው ልብ ነው፤ የአስተዳደጉን ነገር ደግሞ የሚያውቀው አሳዳጊው ብቻ ነው።

በዓመት ስንት መጽሐፍ እንደጨረሰ ለመቁጠር ብቻ ደብተር የሚይዝ ሰውም አለ፤ የመጋዘን ሠራተኛ ገቢና ወጪ እንደሚመዘግበው። እርሱን አልነቅፈውም፤ የምናገረውም ስለ እርሱ አይደለም።

እዚህ ላይ የሜሪ ሼሊን ነገር ማንሣት ይገባል። ብዙዎች የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ የሚሉትን ‘ፍራንከንስታይን’ን የጻፈችው ይህች እንግሊዛዊት፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1814 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች ከገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ጋር ከአባቷ ቤት ስትኮበልል ዕለታዊ ማስታወሻ መያዝ ጀመረች። ማስታወሻው ስሜት የሚፈስበት ዓይነት አይደለም፤ ደረቅ ነው። የት እንደዋሉ፣ ማን እንደመጣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደተነበበ ይመዘግባል። ዓመቱ ሲያልቅም የተነበቡት መጻሕፍት ዝርዝር ይከተላል። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1815 ጊዜዋን ሳትጠብቅ የተወለደችው፣ ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላት ልጇ ሞታ አገኘቻት። የዚያ ዕለት ማስታወሻ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ልጅቷ መሞቷን፣ ወዳጅ መጠራቱን፣ ቀኑ መራራ እንደነበር ይናገርና ማታ የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበበች ያክላል። መጽሐፉ ስለ ኢየሱሳውያን ማኅበር ውድቀት የሚያወሳ ነበር።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የተቀመጠች እናት መጽሐፍ ገለጠች ቢባል መንደሩ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ያቺ መስመር ለጸሐፊዋ ክብር አትጨምርላትም፤ ብትወጣም የሚጎድል ያለ አይመስልም። ሜሪ ግን ትታታለች። ከ13 ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ሕልም ጻፈች፦ ሕፃኗ አልሞተችም፣ በርዷት ብቻ ነበር፣ እሳት ዳር ሲያሹአት ነፍስ ዘራች፤ ሲነቁ ግን ሕፃን የለም። ‘ፍራንከንስታይን’ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1818 ነው። ሬሳ ነፍስ የሚዘራበት ያ ልብ ወለድ ከዚህ ሕልም ተወለደ ብሎ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም ሕልሙና የመጻሕፍቱ ዝርዝር በአንድ ደብተር ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ዛሬ እኛ ቢያንስ መጠየቅ እንችላለን።

የሚገርመው የቀረው ነገር ነው። ከሜይ 1815 እስከ ጁላይ 1816 ያለው የማስታወሻዋ ጥራዝ ጠፍቷል። ሎርድ ባይረን በጄኔቫ ሐይቅ ዳር እንግዶቹን እያንዳንዳችሁ የመናፍስት ተረት ጻፉ ብሎ የተወራረደው፣ ልብ ወለዱም የተጠነሰሰው በዚያ የ1816 በጋ ነው። ስለዚያ ሌሊት የምናውቀው ሜሪ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ለ1831ዱ እትም በጻፈችው መግቢያ ላይ ከትዝታዋ ቀድታ የነገረችንን ነው። እንቅልፍ እንቢ ብሏት፣ በመስኮቱ መዝጊያ የጨረቃ ብርሃን እየገባ፣ አስፈሪው ፍጡር በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ይህን ተጠራጠሩ፤ ኋላ ያሳመረችው ታሪክ ነው አሉ። በመጨረሻ ዶናልድ ኦልሰን የተባለ የቴክሳስ የሥነ ፈለክ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ጄኔቫ ድረስ ሄዶ፣ የኮረብታውን ከፍታና የጨረቃዋን አካሄድ አስልቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳተመ። የጨረቃ ብርሃን በጁን 16 ቀን 1816 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ በእርግጥ በዚያ መስኮት ይገባ ነበር። ጨረቃ መሰከረችላት። ለእኔና ለአንተ የንባብ ትዝታ ግን ቴክሳስ ተነሥቶ የሚያሰላ ምሁር አይኖርም።

ወደ መዋሸቱ ልመለስ። በዚህ ዓይነት ደብተር ላይ የሚዋሸው ውሸት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከኀፍረት የሚመጣ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ታክሲ ውስጥ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ የተሳለበት መጽሐፍ ይዞ ቢታይ ‘የልጅ ተረት’ መባሉ አይቀርም። ሰውየው ይህን ትችት ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። ማታ ደብተሩን ሲገልጥ መጽሐፉ ስለ ሥልጣን ምሳሌያዊ ትርጉም እንዳለው፣ የቅኝ ግዛትን ታሪክ በዘዴ እንደሚተች ይጽፋል። ዘንዶውን እንደወደደው አይጽፍም። ማንም በሌለበት ክፍል ለታክሲው ተሳፋሪዎች መልስ እየሰጠ ነው። ይህ በእኔ ግምት በጣም የተለመደው ነው፤ በጣም አሳዛኙም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። የሳይንስ ልብ ወለድ መደነቅን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። የአርጀንቲናዊው አዶልፎ ቢዮይ ካሳሬስ ‘የሞሬል ፈጠራ’ (1940) ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ያላነበበው አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘልለው ይሻለዋል። ከሕግ የሸሸ ሰው ሰው አልባ በሆነ ደሴት ተደብቆ ማስታወሻ ይጽፋል። ድንገት የተዋቡ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዲቱን ይወድዳል፤ እርሷ ግን ፊቱ ቆሞ ሲያናግራት እንኳ አታየውም። ኋላ እንደሚታወቀው እንግዶቹ ሰዎች አይደሉም፤ አንድ መሣሪያ ቀርጾ አስቀምጧቸው ያንኑ አንድ ሳምንት እየደጋገመ የሚያሳያቸው ምስሎች ናቸው። ይህን ያወቀ አንባቢ፣ ሳያውቅ የነበረበትን ሰዓት መልሶ ሊያገኘው አይችልም። መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ማስታወሻ ቢጽፍ ‘ገና ከጅምሩ ጠርጥሬ ነበር’ ይላል፤ ሲልም እየዋሸ አይመስለውም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚጻፍ ማስታወሻ መሐል ላይ መጻፍ አለበት፤ ምሥጢሩ ሳይፈታ፣ ግምቱ ገና ግምት ሳለ፣ የደረሱበትን ገጽ ቁጥር ጠቅሶ።

የዚያ ልብ ወለድ ፍጻሜ ራሱ ለጉዳያችን የተጻፈ ይመስላል። ስደተኛው የሴቲቱን እንቅስቃሴና አነጋገር በቃሉ ያጠናል። ከዚያም መሣሪያውን ከፍቶ፣ እርሷ ስትናገር መልስ እንደሚሰጥ፣ ስትዞር አብሯት እንደሚዞር ሆኖ ራሱን ያስቀርጻል። መሣሪያው የቀረጸውን ሰው ስለሚገድል በዚሁ ይሞታል። ከእንግዲህ የሚያይ ሰው ሁለቱ ይዋደዱ ነበር ብሎ ያምናል። አልቤርቶ ማንጌል እ.ኤ.አ. ከጁን 2002 ጀምሮ በየወሩ አንድ የሚወደውን መጽሐፍ ደግሞ እያነበበ የንባብ ማስታወሻ ሲጽፍ የጀመረው በዚህ መጽሐፍ ነበር። ለምን እንደመረጠው ራሱ ያውቃል፤ እኔ ግን ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላየሁም።

በዚህ ጉዳይ የምንከራከር አንድ ወዳጅ አለኝ። የድሮ ደብተሮቹን እያወጣ ያርማል፤ ያፈረበትን ዓረፍተ ነገር ይሰርዛል፤ ሌላ ይተካበታል። ‘ደብተሩ የኔ፣ እስክሪብቶው የኔ፣ ሐሳቡም የኔ። ቤቴን ሳድስ የድሮውን ቀለም ማን ተው አለኝ?’ ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰው ከትናንት ስሕተቱ ጋር ታስሮ የመኖር ግዴታ የለበትም። መርሳትም አንዳንዴ ምሕረት ነው። እኔ የምለው ግን ደብተሩ ቤት አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜን ወራሽ ሊሟገትበት፣ አልስማማም ሊል ይችላል፤ ብዕር አንሥቶ የሟቹን ቃል መለወጥ ግን አይችልም። የዛሬ ሃያ ዓመት ያንን መጽሐፍ ያነበበው ወጣት ዛሬ የለም። ተነሥቶ ‘እንዲህ አላልኩም’ ሊል አይችልም።

ወዳጄ ይህን ስል ‘የእውነት ሚኒስቴር’ አደረግከኝ እያለ ይስቃል። በጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ ዊንስተን ስሚዝ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ያለፉ ጋዜጦችን እያረመ፣ መንግሥት የተናገረው ሁሉ ትክክል እንደነበር በማስመሰል ነው። ያው ሰው ቤቱ ሲገባ ተደብቆ ማስታወሻ ይጀምራል፤ ቀኑንም ኤፕሪል 4፣ 1984 ብሎ ይጽፋል፤ ዓመቱ በእርግጥ 1984 መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለም። (በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 1976 መሆኑ ነው። የእኛው 1984 የገባው ደርግ በወደቀ በሦስት ወር ተኩል መሆኑ ደግሞ ለአገራችን የኦርዌል አንባቢ የዕድል ቀልድ ነው።) ወዳጄ ልክ ነው፣ የአንድ ሰው ደብተርና የመንግሥት ማኅደር አይተካከሉም። በደብተሩ እርማት የሚታሰር የለም። ግን እጁ የሚለምደው ሥራ ያው ነው።

ማቃጠል ሌላ ጉዳይ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አሰሳ መጣ ሲባል መጽሐፉንና ማስታወሻውን ያቃጠለ፣ ጓሮ የቀበረ፣ ቀዳዶ ሽንት ቤት የጨመረ ስንቱ ነው። እነዚያን ሰዎች ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። የተቃጠለ ደብተር ዝም ይላል፤ የታረመ ደብተር ግን ይናገራል፣ ያውም በሟቹ ድምፅ።

የእኛ አባቶች ሁለቱንም መንገድ ያውቁ ነበር። በብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበት ብዙ ቦታ ይገኛል። የአንድምታው ትርጓሜ ደግሞ ሌላ ነው። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጥና ‘አንድም’ ብሎ ሁለተኛውን፣ ‘አንድም’ ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ አዲሱ መጣ ተብሎ የፊተኛው አይሰረዝም። የሃይማኖቱን ነገር ለባለቤቶቹ ትቼ ሥርዓቱን ብቻ ልዋስ። የቀኙ ገጽ ለመጀመሪያው ንባብ ይሁን፤ የግራው ባዶ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ሌላ የታየን እንደሆነ በባዶው ገጽ ላይ አንድም ብለን እንጽፋለን።

ጥቅሙን የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችው ‘የዘሪው ምሳሌ’ በማስታወሻ መልክ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። የ15 ዓመቷ ሎረን ኦላሚና ሎስ አንጀለስ አጠገብ በግንብ በታጠረ ሰፈር ሆና ትጽፋለች፤ ውኃ ውድ ነው፣ ሥራ የለም፣ ከግንቡ ውጭ እሳትና ዘረፋ ነው። ልብ ወለዱ የሚጀምርበት ቀን ጁላይ 20፣ 2024 ነው፤ ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑ መጥቶ አለፈ። በትለር በ2006 አረፈች፤ የተቀበረችበት አልታዲና የተባለው ከተማም በጃንዋሪ 2025 በሰደድ እሳት ክፉኛ ተቃጠለ። መጽሐፉን ያኔ በ1990ዎቹ ያነበበ ሰው ማስታወሻው ላይ ‘ተጋነነ፣ እዚህስ አይደረስም’ ብሎ ጽፎ ይሆናል። ዛሬ ደብተሩን ቢያገኘው እጁ ወደ ስረዛ መሄዱ የማይቀር ነው፤ አርቆ አስተዋይ ሆኖ መታየት የማይወድ ማን አለ?

ያቺ ‘ተጋነነ’ የምትል ቃል ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ስለዚያ ዘመን ትናገራለች። የተማረ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ዓለምን የሚከታተል ሰው በዚያን ጊዜ ምን ሊሆን አይችልም ብሎ ያምን እንደነበር ይህን ያህል አጥርቶ የሚነግረን ማኅደር ሌላ ቦታ አናገኝም። ሰውየው ቃሏን አይንካት። በግራው ገጽ፣ ከእርሷ ትይዩ፣ የዛሬውን ቀን ያስፍርና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ይጀምር። አርባኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አቁሞ ምን እንደሚያምንና ምን እንደማያምን ይጻፍ።