የተማሪ ምሳ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ሆዱ ባዶ የሆነ ሕፃን መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፉትን ሲመለከት፥ ዓይኑ እዚያ ይሁን እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆይ ሁሉ የረኃብን ጠባይ እናውቀዋለን። ነገር ግን በእኛና በዚያ ሕፃን መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። እኛ የምንራበው ወደን ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስም ማዕድ እንደሚጠብቀን እናውቃለን። እርሱ ግን ሳይወድ ተርቦ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀውም አያውቅም። ጾም የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ስሙ ችጋር ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፥ ለተራበ ተማሪ በትምህርት ቤት የሚቀርበው ምሳ ከርኅራኄ የሚሰጥ ምጽዋት ነውን ወይስ ልንከፍለው የሚገባ ዕዳ? የሚል ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ምጽዋት ነው ካልን፥ የተረፈንን፥ በተመቸን ጊዜ፥ በወደድነው መጠን እንሰጣለን፤ ተቀባዩም አመስግኖ ከመብላት በቀር ስለ ጣዕሙና ስለ ንጽሕናው አፉን ሊከፍት አይችልም። ዕዳ ነው ካልን ግን፥ መጠኑም ጊዜውም ጥራቱም በእኛ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይሆንም።

በሀገራችን ተማሪን ማብላት አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእመቤታችን ስም እየለመነ በየደጁ ሲዞር፥ ቁራሽ የምትሰጠው እናት ሳታውቀው የአብነት ትምህርት ቤቱን በጀት ትመድብ ነበር። ዜማው፥ ቅኔው፥ ትርጓሜው፥ ዛሬ በቤተ መቅደስ የምንሰማው ሁሉ በዚያ ቁራሽ የቆመ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «እነዚያ ሊቃውንት በደረቅ ቁራሽ ተምረው የለምን? የዛሬው ልጅ በምን ተለየ?» ይል ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪ ልመናን እንደ ሥርዓት ተቀብሎ ትሕትናን ይማርበታል፤ ከባለጸጋ ቤት የመጣውም ከድሃው ልጅ ጋር እኩል ይለምናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አንዱ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት፥ ሌላው ውኃ ጠጥቶ በግቢው ጥግ የሚቆም ከሆነ፥ ይህ የሚያስተምረው ትሕትናን ሳይሆን ኀፍረትን ነው። ትሕትና ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ምግባር ነው፤ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ግን ትሕትናን ማስተማር አይደለም።

በቅርቡ ዘመን የሆነውንም እንመልከት። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ለብዙ ዓመት ይቀርብ የነበረው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ዱቄት የሚሠራ ገንፎ ሲሆን፥ የአካባቢው ሕዝብም ማገዶና ውኃ በማቅረብ ያግዝ ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ አስቀድሞ በበጎ አድራጊዎች ትከሻ ላይ የቆየው ምገባ፥ በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በከተማው አስተዳደር በጀት ተይዞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ 300 ሺህ ለሚሆኑ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረብ ጀመረ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ምግቡን የሚያበስሉት ለዚሁ ሥራ የተደራጁ እናቶች ናቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ምገባው ከበጎ አድራጊ እጅ ወደ ከተማ በጀት ሲዛወር የተለወጠው የገንዘቡ ምንጭ ብቻ አይደለም። በጎ አድራጊ ቢደክመው ሊያቆም ይችላል፤ በጀት ግን ከሁላችን የተሰበሰበ ግብር ነውና፥ ነገሩ ከምጽዋት ወደ ዕዳ አንድ እርምጃ ተራመደ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ ጋር ይስማማል። በኦሪት የእርሻውን ዳር ሳያጭድ እንዲተው የታዘዘው ባለ እርሻ «ሰጠሁ» ብሎ ሊመካ አይችልም፤ ቀድሞውንም የድሃው ድርሻ ነበርና። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር በሰበከ ጊዜ፥ ካለን ላይ ለድሃ አለማካፈል ስርቆት መሆኑን አስተምሯል። «ዕዳ ካላችሁት ፍቅሩ የት አለ?» የሚል ቢኖር፥ እናት ልጅዋን ማጉረስ ግዴታዋ ነው፤ ስለ ግዴታዋ ግን ፍቅርዋ አልቀነሰም።

ወደ ጥራቱ እንለፍ። ነቢዩ ሚልክያስ ካህናቱን የገሠጻቸው መሥዋዕት አላቀረባችሁም ብሎ ሳይሆን ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ አቀረባችሁ ብሎ ነው፤ ያንኑ ለገዥአቸው ቢያቀርቡለት ደስ ይለው እንደሆነ ጠየቃቸው። ጌታችን ለታናናሾቹ የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ካስተማረን ዘንድ፥ ነቀዝ የበላው ምስርና ውኃ የበዛበት ሽሮ ለማን እንደ ቀረበ ማስተዋል ይገባል።

ጥራት ቅንጦት አለመሆኑን ከሌሎች አገሮችም እንማራለን። በሕንድ አገር በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ በ2013 በቢሃር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት 23 ሕፃናት ፀረ ተባይ መርዝ የነካው ምሳ በልተው ሞቱ። ትእዛዙ ነበረ፥ በጀቱም ነበረ፤ የጎደለው ዘይቱ በምን ዕቃ እንደ ተቀመጠ የሚመለከት ዓይን ነበር። ባለጸጋይቱ አሜሪካም ብትሆን፥ የምሳ ሒሳብ ያልተከፈለለት ልጅ ትኩስ ምሳው ከእጁ ተወስዶ የሚጣልባቸው፥ ወይም ክንዱ ላይ ማኅተም የሚመታባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩባት፤ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ይህን በሕግ የከለከለችው በ2017 ነው። እህል ሞልቶ ሳለ የልጁ ክብር ጎደለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን ይህን ያህል ብር ተብሎ ይመደባል። የዘይቱና የሽንኩርቱ፥ የጤፉና የምስሩ ዋጋ ሲወደድ የተመደበው ብር ባለበት ከቆመ፥ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን ነው? ወይ አብሳይዋ እናት ከድካም ዋጋዋ ትከፍላለች፥ ወይ ልጁ ከሆዱ ይከፍላል። በወረቀት ላይ የተመጋቢው ቁጥር አልቀነሰም፤ የቀነሰው ወጡ ነው።

ስለዚህ «ጥቂቱን በደንብ እናብላ ወይስ ብዙውን እንደ ነገሩ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥቂቱን መርጦ ማብላት ሌላውን እያየ እንዲራብ ማድረግ ነው፤ ለሁሉም ስም ብቻ የሆነ ምሳ መስጠትም ማታለል ነው። በእኔ አስተያየት ማዕዱ ለሁሉ ይሁን፤ ዓይነቱ ቢያንስ፥ ዛሬም ሽሮ ነገም ሽሮ ቢሆን ነውር የለበትም። ንጹሕ መሆኑ፥ በዕለቱ የበሰለ መሆኑና ልጁን ማጥገቡ ግን የሚደራደሩበት ነገር አይደለም። ጌታ በምድረ በዳ ሕዝቡን ሲመግብ የማዕዱ ዓይነት እንጀራና ዓሣ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ተቀምጠው በሉ፥ ሁሉም ጠገቡ።

«ነፃ ምሳ ወላጅን ያሰንፋል» የሚሉም አሉ። ወላጅ ሰነፈ ብንል እንኳ፥ ፍርዱን ልጁ ስለ ምን ይቀበላል? ደግሞም የቀን ሥራ እየሠራች ከእጅ ወደ አፍ የምትኖር እናት ሰነፍ አይደለችም፤ የጎደላት ትጋት ሳይሆን ለድካምዋ የሚመጥን ዋጋ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ምን እናድርግ? በሐዋርያት ዘመን መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ቸል በተባሉ ጊዜ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያት ግን «በነፃ እየበላችሁ ታጉረመርማላችሁን?» አላሉም፤ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ እንዲመርጥ አድርገው ሾሙ እንጂ። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነርሱ አንዱ ነው፤ የተሾመበትም አገልግሎት ማዕድን በትክክል ማካፈል ነበር። ስለዚህ ልጆች ስለ ምሳቸው ሲያማርሩ ብንሰማ፥ ምስጋና ቢስ ናቸው ብለን አንለፋቸው፤ ሄደን እንይ፥ ከወላጆችና ከመምህራን ጋርም እንነጋገር።

ሁለተኛው ነገር በእጃችን ያለ ነው። ከጥንት ጀምሮ በግዕዝ የሚገኘው የሄርማስ መጽሐፍ፥ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ዋጋ አስልቶ ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ወጣቶች ይህን ብናደርግ፥ የከተማውን በጀት አንተካም፤ ነገር ግን በአጥቢያችን ካለው ትምህርት ቤት ማድቤት የጎደለውን ዘይት ወይም ሳሙና ልንሞላ እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

መመዘኛውም አንድ ነው። የተማሪውን ሳህን አይተን «ይህን ለታናሽ እኅቴ አቀርብላት ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። አዎን ካልን፥ ዕዳው ተከፍሏል። አላቀርብላትም ካልን ግን፥ የተሰጠው ምንም ያህል ብዙ ቢሆን፥ ገና አልከፈልንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።