የማን ትዝታ ነው?

ሱሉልታ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ከቡራዩ የመጣ አንድ ወጣት አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ተነሣና ትዝታን ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ፣ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ ይኼ ትዝታ አይደለም! በእኛ አገር ትዝታ እንዲህ አይባልም›› አሉት። ሽማግሌው ወሎ ተወልደው፣ ሱሉልታ አርባ ዓመት የኖሩ ናቸው። አጠገባቸው የነበሩ የሰላሌ ሰው ደግሞ፣ ‹‹እኛ ዘንድ ግን ስንሰማ የኖርነው ይኼንኑ ነው›› ብለው መለሱላቸው። ድንኳኑ ዝም አለ።

አዝማሪው አልተቆጣም። ‹‹አባባ፣ እስቲ የርስዎን ያንጎራጉሩልኝ›› አላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ልጁም መቃኛውን መለስ አድርጎ በድምፃቸው ልክ ቃኘና ተከተላቸው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ግን አቆሙ። ‹‹እናቴ እህል ስትፈጭ የምትለው ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፋኝ›› አሉ። አዝማሪው አላቋረጠም፤ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ጨረሰው። ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ እንጂ ‹‹ይኼ አይደለም›› አላሉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ አዝማሪው ዋሸ ወይስ እውነት ተናገረ? ያ ዜማስ የእናትየዋ ነው ወይስ የልጁ?

ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ አይደለም፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች አንዱ ነው። እሱ ራሱም ሁለት መልክ አለው፤ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ሲሉ ሙሉው ትዝታ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ማሲንቆ ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ጣት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት በአንገቱ ላይ የለም፤ ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ክሩም የሚጠብቀውና የሚላላው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። እንግዲህ ‹‹ትክክለኛው ይኼ ብቻ ነው›› ለሚል ሰው መሣሪያው ራሱ አይመችም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ካስቀረፁ ወዲህ ሸክላው፣ ካሴቱና ሲዲው ብዙ ድምፅ ከመጥፋት አድነዋል። ሆኖም አንድ ክፉ ልማድም አስተምረውናል፤ መጀመሪያ የሰማነውን ዋና፣ ሌላውን ሁሉ የተበላሸ ግልባጭ አድርገን ማየት። የማሕሙድ አሕመድን ወይም የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ በቃሉ ያጠና ሰው፣ መንደር ውስጥ ሌላ ዓይነት ሲሰማ ‹‹ተሳሳተ›› ይላል።

የሽማግሌው ግን ከካሴት የመጣ አልነበረም። ‹‹የእኛ አገር›› ያሉት ነገር ሲጠየቅ አንዲት እናትና አንድ ወፍጮ ሆኖ ተገኘ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ (በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት) እዚያው የተወለደውና ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው አጥር ተጋርቶ የሚኖርባቸው ናቸው። ማሲንቆውም የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ለገሰ አብዲ ስሙ የገነነው በኦሮምኛ፣ በዚሁ በማሲንቆ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ‹‹በእኛ አገር እንዲህ አይባልም›› የሚለው ቃል ዜማውን ትቶ ሰውየው ላይ ለማረፍ፣ ‹‹አንተ የእኛ አይደለህም›› ለመሆን፣ ብዙ አይቀረውም። ሽማግሌው ግን የናፈቁት የእናታቸውን ድምፅ እንጂ ሰው ማግለል አልነበረም።

ታዲያ የተለወጠ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነውን? አይደለም። ዜማ ከጎረቤት እንደ ተወሰደ እርሾ ነው። ያንኑ እርሾ የሚመልስ የለም፤ በየቤቱ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሆኗል። ነገር ግን ደግ ባለቤት ከማን ቤት እንደ ወሰደችው አትረሳም፤ ሌላዋ ስትቸገርም አትከለክልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአመንጪንና የከዋኝን መብት ይጠብቃል። ስለ አንዲት ባላገር እናት ዜማ ግን ፍርድ ቤት የሚቆም የለም፤ የእሷ ዕዳ የሚከፈለው በኅሊና ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አዝማሪው ያን ቀን አልዋሸም፤ ሽማግሌው የት እንዳቆሙ፣ እሱ ከየት እንደ ጀመረ ድንኳኑ ሙሉ ሰምቷልና። ነገ ቡራዩ ተመልሶ ‹‹ጥንታዊው የወሎ ትዝታ ይኼ ነው›› ቢል ግን ይዋሻል። ‹‹እኩሌታው የአንድ አባት፣ እኩሌታው የእኔ ነው›› ካለ ዜማውንም እናትየዋንም አከበረ።

በዚያ ምሽት የሰላሌው ሰው ‹‹አሁን ደግሞ የእኛን›› ሲሉ ሽማግሌው ቀድመው አጨበጨቡ። አንባቢ ሆይ፣ የርስዎስ እናት ምን ታንጎራጉር ነበር? እኩሌታው ሳይጠፋዎት ለአንድ ሰው ያሰሙት።