ነቅተው የሚያድሩ

አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ራሱን የማያውቅ ሕፃን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። ወላጆቹ ኮሪደር ላይ ይጸልያሉ፤ ነርሷ ውስጥ ሆና ሽንቱን ትለካለች። ከሁለቱ መንፈሳዊ ሥራ የሚሠራው የትኛው ነው? ቶሎ አትመልሱልኝ።

ሴፕሲስ የሚባለውን በሽታ ታውቁት ይሆናል፤ በመካከላችን ነርሶች ብዙ ናችሁ። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሊመክት ሲነሣ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ መጉዳት ይጀምራል። ልጆች ላይ ደግሞ ይደበቃል። የደም ግፊታቸው እስከ መጨረሻው ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሲወርድ ረፍዷል። ስለዚህ ነርሷ ማሽኑን ብቻ አታምንም። እጅ እግሩ መቀዝቀዙን ትዳስሳለች። ቆዳውን ጫን አድርጋ ትለቅና ቀለሙ እስኪመለስ ትቆጥራለች፤ 2 ሰከንድ ካለፈ ሐኪሙን ትጠራለች። ሾክ ውስጥ ለገባ ልጅ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ሽንቱን በየሰዓቱ የምትለካውም ኩላሊቱ በቂ ደም ማግኘቱን የሚነግራት እርሱ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ማንም የማያየው ሥራ አለ። ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች፤ አፉን ታጸዳለች፤ ዓይኑ እንዳይደርቅ ትቀባዋለች። «አሁን ላዞርህ ነው» ትለዋለች፣ በስሙ ጠርታ። ይስማት አይስማት አታውቅም። ቢድን እንኳ አያስታውሳትም።

ልጁ ሲድን እኛ ምስክርነት እንሰጣለን። የእርሷ ስም ግን አይነሣም። «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» ማለት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምስጋናን ለመቆጠብ ሰበብ ሲሆን አያምርም። ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ የእንግዶች ማደሪያውን ሒሳብ ከፈለ። ሲጸልይ ግን አልተጻፈልንም።

ልጁ ባይድንስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። «እምነት ጎድሎ ነው» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም፤ ያዘነች እናት ላይ እንዲህ ያለ ሸክም መጫን ጭካኔ ነው። ያ ሁሉ ማገላበጥ፣ ያ ሁሉ መለካት ከንቱ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ልጁ ያን ሌሊት ንጹሕ ሆኖ፣ ሕመሙ ቀሎለት፣ በስሙ እየተጠራ አድሯል። የሚገባው ስለሆነ ነው የተደረገለት፤ ይድናል ተብሎ ብቻ አይደለም።

«መትጋት» የምንለው ቃል ከግዕዝ የመጣ ነው፤ እዚያ ነቅቶ መጠበቅ ማለት ነው። እኛ ለጸሎት ብቻ አደረግነው። እሑድ ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጣች እኅት ኋላ ወንበር ላይ ስታንቀላፋ ብታዩ፣ እባካችሁ አትቀስቅሷት።